የሚያጓራውን ኮምፒዩተር ስለ ማሳረፍ

በቤትዎ ውስጥ ከሚሰሙት ድምፆች ሁሉ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሰለችዎ ልብ ብለው ያውቁ እንደ ሆነ እንጃ። ዶሮ በማለዳ ይጮኻል፤ ነገር ግን ጩኸቱን ጨርሶ ጥሬውን ይለቅማል። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ያመሻል፤ እሱም ደክሞት ይተኛል። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰውን ከሰው አላነጋግር ቢልም፣ እንቅልፍ ይጋብዛል እንጂ አያስከፋም። ሳያቋርጥ ባንድ ዜማ የሚያንጎራጉር መኪና ግን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ከነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። መጀመሩ አይታወቅም፤ ያቆመ ጊዜ ግን ሰው ትከሻው ላይ ሸክም ኖሮ እንደ ወረደለት ያህል ይተነፍሳል።

ዛሬ ላወጋዎ የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ መኪና፣ ይኸውም ከጠረጴዛ ሥር ስለሚቀመጠው ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ነው። ላፕቶፑንና በኪስ የሚያዘውን ስልክ ትቼዋለሁ። ዴስክቶፕ ግን አልቀረም፤ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጽሕፈት ሱቁ፣ ፎቶ ኮፒ በሚነሣበት ሁሉ ተቀምጦ ያጓራል። እኛ አገር ሳጥኑን ጠቅላላ «ሲፒዩ» ብለን መጥራት ለምደናል። እውነተኛው ሲፒዩ ግን በውስጡ ያለው፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጩኸቱ ሁሉ መነሻ ያቺው ቁራጭ ነችና።

እኔ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ቀን ቀን ስልኩም ደንበኛውም አያሠራም፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚከናወነው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ከያኔው ባለቤት አገልግሎ የተገዛው ኮምፒዩተሬ በሳሎኑ ማዕዘን ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ መጡ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ያንዱ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሣ፤ ለሁለተኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ተሰጣቸው። እስከዚያው የሚተኙት በሳሎኑ መደብ ላይ፣ ከኮምፒዩተሩ አራት እርምጃ ርቀው ነበር።

አንድ ሌሊት፣ የተኙ መስሎኝ ስጽፍ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣

«ልጄ፣ ይህ ሳጥን ሌሊቱን ሙሉ ምን ይፈጫል?» አሉኝ።

«የኔን ሥራ ነው፣ እማማ» አልሁ።

«እህሉ ብዙ ነው መሰለኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጩኸቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። አማት በአማች ቤት እንዴት እንደሚጨዋ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዝምታ ይረዳዋል። በሳምንቱ ግን፣ አጨዳ ደርሷልና አገሬ ልግባ፣ የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ይቅርብኝ ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ነገሩን ስታወጣጣ፣ አጨዳውን የሚያጭዱ ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሉና እርሳቸው ግን ከመጡ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ ደኅና እንቅልፍ እንዳልተኙ ተገለጠ። ዓይን ሲታወክ ጆሮ ይነቃል። እኔም የሌሊቱን ሥራ እንዳልተወው የሕክምናው ወጪ የሚከፈለው ከዚያው ነበር። እንግዲህ ወይ መኪናው ዝም ይበል፣ ወይ አንድ ዓይን ይቅር ሆነ ማለት ነው።

አንድ ጥገና ቤት ብወስደው፣ ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «ያረጀ ነው፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። እንዲህ ያለው ምክር ለሻጭ ይጠቅማል። እኔ ግን ወደ ቤቴ መልሼ ከካቻቢቴና ከትዕግሥት ጋራ ተቀመጥሁ።

በመጀመሪያ፣ ስለ ድምፅ ልክ ጥቂት ልበል። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ሹክሹክታ 30 ገደማ፣ ተራ ጭውውት 60 ገደማ ነው። ታዲያ 60 የ30 እጥፍ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ መለኪያው እንደ ሜትር አይደለም። ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሮ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። አቧራ የጠገበ አሮጌ ዴስክቶፕ ከአጠገቡ ሲለካ 40ን ማለፉ የተለመደ ነው። እንግዲህ አማቴ ቅንጦት አላበዙም።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል? ኮምፒዩተር ሲያስብ ይሞቃል፤ የሞቀው ይቀዘቅዝ ዘንድ ነፋስ ያሻዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 18 ሺህ ያህል የመብራት አምፖል የሚመስሉ ቫልቮች ነበሩት፤ ክብደቱም 30 ቶን ነበር፤ ያን ሁሉ ሙቀት የሚያወጡለት ታላላቅ ማራገቢያዎች ተተክለውለት ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው አነሰ እንጂ የሙቀቱ ነገር አልቀረም። በ2004 ግድም የወጡት የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ እስከ 115 ዋት ሙቀት ይተፉ ነበር፤ ያን የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ ያስቡና፣ በላይዋ ከመቶ ዋት የሚበልጥ አምፖል እንደ በራባት ይቁጠሩት።

ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ በፕሮሰሰሩ ላይ አንድ ማራገቢያ፣ በኋላ ግድግዳው አንድ፣ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንድ፣ የሥዕል ካርድ ካለውም በእሱ ላይ ሌላ አለ። ከነዚህ ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የመጨረሻው ሳጥኑ ራሱ ነው፤ ስስ ቆርቆሮ ስለ ሆነ የሁሉንም ንዝረት ተቀብሎ እንደ ከበሮ ያጎላዋል።

ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ገንዘብ አያውጡ። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የጎን ክዳኑን ከፍቼ፣ ጋዜጣ እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ባንዱ ጫፍ ጆሮዬን፣ በሌላው ጫፍ እያንዳንዱን ማራገቢያ ሳልነካ አዳመጥሁ። መካኒክ የሞተር ድምፅ ሲመረምር ረጅም ካቻቢቴ ጆሮው ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ የኋላውን ማራገቢያ ገመድ ነቀልሁና ለአጭር ጊዜ አስነሣሁት። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ግን ነቅለው እንዳያስነሡ፤ እሱ ለአፍታም አይፈታም። እንዲህ ሲለይ፣ ሹሹታው የፕሮሰሰሩ፣ ሲጥ ሲጥ የሚለው የኋላው፣ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርመው ደግሞ የሃርድ ዲስኩ ሆኖ ተገኘ። አማቴ ዓይናቸው ታስሮ ሳለ «ሦስት ዓይነት ነው የሚጮኸው» ብለው ነበር፤ ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። በፕሮሰሰሩ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቁርጥራጮች አሉ፤ ሙቀቱ ወደነሱ ይወጣል፤ ማራገቢያውም በመካከላቸው ነፋስ ያሳልፋል። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ አንባቢዬ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ቡናው በሳሎን ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፤ ጢሱ ካቧራው ጋራ ተዋሕዶ ተጣባቂ ይሆናል። ማራገቢያውን ፈትቼ ባነሣሁ ጊዜ፣ ከሥሩ ያገኘሁት አቧራ የመንዝ ባና መስሎ ተዳውሮ ነበር። ነፋስ እንዳያልፍ በተከለከለ መጠን ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፤ በሞቀ መጠን ማራገቢያው ፍጥነቱን ይጨምራል፤ በፈጠነ መጠን ይጮኻል። የሚጮኸው ስላረጀ ሳይሆን ስለ ታፈነ ነው።

ለማጽዳት ሶኬቱን ነቅለው፣ የማስነሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭነው ይልቀቁት፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሷቸው። የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያቃጥለው ነው። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ብዙ ሰው ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል፤ መንገዱ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ያስጠንቅቁ። አንደኛ፣ ኮምፕሬሰሩ ውሃ ይተፋልና አስቀድሞ ወደ መሬት ይነፋ፤ ነፋሱም ከሩቅ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማራገቢያው በነፋሱ እንዳይሽከረከር በጣት ወይም በእርሳስ ይያዝ፤ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይበላሻል።

በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ቴርማል ፔስት የሚሉት ቅባት አለ። ዓመታት ሲያልፉ እንደ ጭቃ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ያን ጊዜ ሙቀት እንደ ልብ አያሳልፍም። አሉሚኒየሙን ከማንሣትዎ በፊት ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርተው ያሙቁትና ያጥፉት፤ ቅባቱ ሲለሰልስ ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማወዛወዝ ይላቀቃል። ባንድ ጊዜ ቢጎትቱት ፕሮሰሰሩም ተጣብቆ ሊነቀል ይችላል። አሮጌውን ቅባት አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ሲደርቅ የሽምብራ ግማሽ የሚያህል አዲስ ቅባት በመካከሉ ያኑሩ። ብዙ ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ቂጣ ላይ እንደሚቀባ ቅቤ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ላንሣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ሽሮውም ብዙ እሳት የሚፈልገው ለዚህ ነው። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየተሽከረከረ የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያንሳል፤ ስለዚህ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መፍጠን አለበት። እግዜር ይስጠው የከተማችን አየር ቀዝቃዛ ነው፤ የተወሰደብንን ባመዛኙ ይመልስልናል። ኮምፒዩተሩ አዋሽ ወይም ጂቡቲ ቢሆን ኖሮ የሙቀቱ ነገር ሌላ ነበር።

ሲጥ ሲጥ ወደሚለው ማራገቢያ እንመለስ። ከመካከሉ የተለጠፈውን ወረቀት ቀስ ብለው ቢልጡት፣ በብዙዎቹ ላይ መሽከርከሪያው ይታያል። እዚያ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደረግሁና ወረቀቱን መለስሁ፤ ሲጥታው ጠፋ። ይህ ግን ለጥቂት ወራት የሚያገለግል ዘዴ ነው። የምግብ ዘይት ከቶ አይሞክሩ፤ ይረጋል። አዲስ የሚገዙ ከሆነ፣ ሳጥኑ የሚይዘውን ያህል ሰፊውን ይምረጡ። ጎኑ 120 ሚሊሜትር የሆነው ከ80ው ይልቅ ስፋቱ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቀስ እያለ ያንኑ ነፋስ ይሰጣል።

ቀስ ማለት ምን ያህል እንደሚጠቅም ብዙ ሰው አያውቅም። የማራገቢያን ፍጥነት በግማሽ ቢቀንሱት ነፋሱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ይህም ለጆሮ ሲሶ ሆኖ እንደ መሰማት ነው። እንዲህ ያለ ትርፋማ ንግድ በመርካቶም አይገኝ። ፍጥነቱን የሚወስኑት፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 የተባለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን በሚገቡበት፣ ባዮስ በሚሉት ገጽ ነው። በብዙዎቹ ላይ ፕሮሰሰሩ እስከ ስንት ዲግሪ ማራገቢያው ቀስ እንዲል፣ ከስንት በላይ እንዲፈጥን ማዘዝ ይቻላል። እኔ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ እንዲያንቀላፋ አዘዝሁት። በዊንዶውስም የኃይል አጠቃቀም ገጽ ላይ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 ከመቶ ቢያወርዱት፣ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ከልኩ በላይ የመፍጠን ልማዱ ይቀራል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ይጎዳዋል፤ ለጽሕፈት ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ከጽዳቱ በፊት በሥራ ላይ ከ80 ዲግሪ በላይ የነበረው ፕሮሰሰሬ ከጽዳቱ በኋላ ከ65 አላለፈም፤ ማራገቢያውም የሚፈጥንበት ምክንያት አጣ።

የቀረው ወፍጮው ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ በ1956 አይቢኤም ያወጣው፣ ስፋታቸው 61 ሴንቲሜትር የሆኑ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ከአምስት ሚሊዮን ፊደል በላይ አይዝም ነበር። የዛሬው በእጅ መዳፍ ይያዛል፤ መሽከርከሩን ግን አልተወም። ፍቱን መድኃኒቱ ኤስኤስዲ የሚባለው ነው። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ድምፅ የለውም፤ ኮምፒዩተሩንም ያፈጥነዋል። እኔ ግን በዚያ ወር ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ተቆርጦ ነበርና፣ ከመርፌና ክር ሻጭ ሁለት ክንድ የቀሚስ ላስቲክ ገዛሁ። ዲስኩን ከብሎኖቹ ፈትቼ፣ ባዶ በሆነው የሲዲ ማጫወቻው ቦታ ላስቲኩን እንደ ጠፍር አልጋ ዘርግቼ በመካከሉ አንጠለጠልሁት። ቆርቆሮውን ስላልነካ ንዝረቱ አልተላለፈም፤ ጉርምርምታው ወዲያውኑ ሞተ። የባለቤቴ ሣቅ ግን እስከ ማታ አላቆመም። እንዲህ የተንጠለጠለ ዲስክ ያለበትን ሳጥን እየሠራ ሳለ ማንቀሳቀስ አይገባም፤ ወዲያ ወዲህም ለሚወሰድ ኮምፒዩተር ዘዴው አይሆንም።

በሦስተኛው ሌሊት ሥራዬን ጀምሬ ሁለት ገጽ ያህል ከተረጎምሁ በኋላ አማቴ ከመደቡ ላይ ቀና ብለው፣ «ዛሬ አትሠራም እንዴ?» አሉኝ። እየሠራሁ መሆኔን ብነግራቸው የቁልፎቹን ኮሽታ አዳመጡና፣ «ይህማ የዶሮ ጭረት ነው» ብለው ተኙ። ስለ አጨዳው ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ሁለተኛው ዓይናቸው በኅዳር መጨረሻ ታከመ። ለታኅሣሥ ሚካኤል አገራቸው ገቡ።

ጎረቤቶቼ ይህን ሰምተው ኮምፒዩተራቸውን ዝም ለማሰኘት የራሳቸውን ብልኃት ስለሚሞክሩ፣ ያየሁትን ልንገርዎ። አንዱ በጋቢ ጠቅልሎት አገኘሁት። ጩኸቱ ለሩብ ሰዓት ታፈነ፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ ባሰ፤ ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ ራሱን አጠፋ። ሌላዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ያም ያው ነው። ከታች ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ማድረግ፣ ከጆሮ ማራቅ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ማድረግ ግን መልካም ነው። ፓወር ሰፕላዩን በተመለከተ፣ በቀዳዳው በኩል አቧራውን ያስነፉት እንጂ ሳጥኑን እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያበቃ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የሚጮኸው እሱ ከሆነ፣ ይለወጥ።

ኮምፒዩተሩ ዝም ሲል ደግሞ በፊት ያልተሰማ ሌላ ድምፅ ብቅ ይላል። በኔ ቤት ስታቢላይዘሩ ነበር። መብራት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይህ የሥራው ጠባይ ስለ ሆነ ዘይትም ላስቲክም አያድነውም። ዩፒኤስ ያለው ሰውም መብራት ሲጠፋ የሚያሰማውን ጥሪ ያውቀዋል፤ እሱን እንኳ በብዙዎቹ ላይ በቁልፍ ዝም ማሰኘት ይቻላል። ስታቢላይዘሩን ግን አምስት ሜትር ጥሩ ገመድ ገዝቼ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት፤ አሁን ጠቅ ጠቅ የሚለው ከጫማ መደርደሪያው ሥር ነው።